በደመና ቀን ያስወለቅሁህ መነጽር

ውድ ኡያራክ፣

ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ የሌላ ሰው እጅ ይኖርበታል ብለህ አትጠርጥር። በማታው ትምህርት ቤት ከአሥራ አራታችን ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ። መምህርቷ ናቫራና ፊደሌ እንደ ደከመ ውሻ ተጋድሟል ትላለች። ቅናት ነው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ።

ያኔ በሚያዝያ የባሕሩን አውሬ አቆስጣን ልናድን በቀዘቀዘው ባሕር ላይ ስንወጣ ስስ ደመና ሰማዩን ሸፍኖት ነበር። ፀሐይ አትታይም፤ የራሳችን ጥላ እንኳ አልነበረንም። አንተ ግን በቀጭን ስንጥቅ የሚታይበትን የእንጨት መነጽርህን አሰርክ።

«አማቼ፣ ከየቷ ፀሐይ ነው የምትደበቀው?» አልኩህ። «እህቴን ለአዳኝ የዳርናት መስሎን ነበር፤ ለካስ ለአሮጊት ኖሯል።»

«አባቴ ዓይን የሚያሳውረው የበረዶ ነጸብራቅ በደመና ቀን ይብሳል ይላል። በረዶው ብርሃኑን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ደመናው ተቀብሎ መልሶ ይጥልብሃል። በጠራ ቀን ፀሐይ ከአንድ ወገን ናት፤ በደመና ቀን ግን ከየትም ነው የምትመታህ።»

«አባትህ የሚያወራው ስለ ኳስ ነው» አልኩህ። ሳቅህና አወለቅኸው።

የማታውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ከቀትር በኋላ ከፊት ሆኜ ውሾቹን ስነዳ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ መሰለኝ። ቆቤን ወደ ፊት ስቤ የራሴን መነጽር ከጉያዬ አወጣሁና አደረግሁት። ዞር ብዬ አንድ ቃል ብናገር ትተርፍ ነበር። ትስቅብኛለህ ብዬ ዝም አልኩ። መንደር ሳንደርስ አወለቅሁት።

አራት ቀን ማየት ተስኖህ፣ ዓይንህን በጨርቅ ታስረህ ስታቃስት «መነጽሩን ረስቶ ወጥቶ ነው» ብዬ ለሁሉም አወራሁ። አዳኞቹም ለዓይኑ የማይጠነቀቅ ሰው ያስፈጀናል ብለው ይዘውህ መውጣት ተዉ። አንተ «ኢኑቴክ ነው ያስወለቀኝ» ማለት ስትችል አላልክም። እህቴን ይዘህ ዓሣ ወደሚታሸግበት ፋብሪካ ወደ ደቡብ ሄድክ።

ናቫራና ፊደሌን ስታርም «መነጽር አድርገህ እንደነበር ብትተወውስ? ማንም አላየህም» አለችኝ።

«እሱን ለመጻፍ ነው የተማርኩት» አልኳት።

እስከዚህ ያለውን ሁለት አድርጌ ገለበጥኩትና አንዱን የመንደሩ ሱቅ በር ላይ ለጠፍኩት። ዛሬ ጠዋት የአዳኞቹ አለቃ ሽማግሌው ኢሚና በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች አነበቡት።

«ኡያራክ ይመለስና ከፊት ይምራን» አሉኝ። «አንተ ቤትህ ተቀመጥ።»

እቀመጣለሁ። ውሾቼን ላንተ ሰጥቻለሁ። መሪዋ ውሻ ወደ ግራ ታዳላለች፤ ጠበቅ አድርገህ ያዛት።

ኢኑቴክ