አቁሚና ጥሪኝ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣ እንደ ሥራዬ ከታች ልጀምርና፣ ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ፀጉርህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን።

እንኳን ደስ ያለህ! ፊዚዮቴራፒስቷ አለቃዬ ታካሚ ለብቻዬ እንዳራምድ ፈቀደችልኝ። ዝም ብላ እንዳይመስልህ። መጀመሪያ ስትሠራ አሳየችኝ፤ ቀጥላ ራሷ ታካሚ ሆና ሆን ብላ ስትንገዳገድ ቀልጠፍ ብዬ ደገፍኳት። «ጎበዝ! ግን የተለየ ነገር ካየሽ አቁሚና ጥሪኝ። ማየቱ ያንቺ ነው፣ ምንነቱን መወሰን የእኔ» አለችኝ።

ትናንት አንዲት እናት ከአልጋ ሳስነሳቸው አንዱ ባታቸው አብጦ አየሁ። «ምንም አይደል፣ እንሂድ» ቢሉኝም አስቀምጫቸው ጠራኋት። መጥታ አየችና ሐኪም አስጠራች፤ እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ኖሮ በጊዜ ተደረሰላቸው። በሰው ሁሉ ፊት «አደራ የሚሰጠው ለእንደዚህ ያለ ሰው ነው!» ስትል ጮቤ ረገጥኩ።

አባዬማ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሐኪም ሆነች» እያለ ነው። «ኧረ ረዳት ነኝ» ብል ማን ይስማኝ! አዲስ ጫማ ገዝቼለታለሁ፤ የአሮጌው ቀኝ እግር ጫፉ ብቻውን ተበልቶ ነበር። የአዲሱም ቀኝ ጫፉ መበላት ጀምሯል። «የዘንድሮ ጫማ!» ይላል። ሻይም ቀኝ እጁን ትቶ በግራው መጠጣት ለምዷል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ «ሐኪም ወልጄ ደግሞ ምን ሐኪም ቤት ያስኬደኛል?» ብሎ አሳቀኝ። አንተ ስትነግረው ግን እሺ ይላል፤ የበኩር ልጅ ቃል ይከብዳል።

ወንድም ጋሼ፣ ሥራዬን ጠንቅቄ ተምሬያለሁ። ያየሁትን ጻፍኩልህ፤ ይኸው ጠራሁህ።

ጤናህን አብዝቶ ይስጥልኝ።

መንገድህን እያየች የምትጠብቅህ
ታናሽ እህትህ