ጉርሻና አንጎሌ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፣ ከምሳ በኋላ

ዕቃ እየታጠበ ነው። የኪሊማኒ ሰፈር ቢሮ ሁሉ ዛሬ እኔ ምግብ ቤት የበላ ይመስላል። የትልቁን ጠረጴዛ ትእዛዝ እንደ ልማዴ ያለ ወረቀት በቃሌ ያዝኩ። ማን እንደ እኔ! ግን ለጋሽ መስፍን ቅቤ ያለበት ሽሮ አቀረብኩ። በረቡዕ፣ ስንት ዓመት ጾም ገድፈው ለማያውቁ ደንበኛዬ። አንዴ ጎርሰው ሳህኑን ቀስ አድርገው ገፉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ስረሳ የመጀመሪያዬም አይደለም፤ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ ማስታወሻዬ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ልጄ ሳሮን ከካሳራኒ ሰፈር በማታቱ ታክሲ መጥታ በግድ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት። እኔ ስለ መርሳት ሳወራ እሷ ስለ ማንኮራፋቴና ስለ ውፍረቴ ትጠይቃለች። አንጎል ስንተኛ ራሱን ያጥባል አለች፤ ፈሳሽ በደም ሥር ዳር ዳር እየሄደ የቀኑን ቆሻሻ ጠርጎ ያወጣል። ውፍረት ለብዙ ዓመት ሲቆይ የደም ሥር ይደድራል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ እጥበቱም ይደክማል ተብሎ ይታሰባል። ገና እየተጠና ነው፤ የእኔ መርሳት ከዚያ ይሁን ከሌላ ምርመራው ይለየዋል። እንደ ኩሽናዬ ማጠቢያ ጮማ ደፈነው በያ፣ አልኳት። ሳቀች። ጮማው አንጎል ውስጥ አይገባም፣ ፈሳሹን የሚገፋው ኃይል ነው የሚደክመው። ክብደት መቀነስና ጥሩ እንቅልፍ ሊረዳ ይችላል፣ ቃል ግን አልገባም አለች። ወደድኳት።

ፈርቻለሁ። ምግብ ቤቱ እኮ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ከሳሮን ጋር ተጨቃጨቅን። ቁርስ አልበላም፣ ምሳ ቁጭ ብዬ አላውቅም፣ ከየት መጣ ይሄ ሁሉ ውፍረት? አልኳት። «ማሚ፣ አንቺ እኮ ኦል ዴይ ነው የምትበዪው። በየቴብሉ።»

እውነቷን ነው። ጠረጴዛ በዞርኩ ቁጥር ጉርሻ። አንድ ያጣላል ይሉና ሁለተኛው ይከተላል። የሰው እጅ መመለስ ነውር፣ ለምግብ ቤት ባለቤት ደግሞ ኪሳራ። ያወፈረኝ የደንበኛ ፍቅር ነው! ወፈርሽ፣ አማረብሽ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። አሁንም ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ከቅዳሴ መልስ ምግብ ቤቱ ሙሉ። ጋሽ መስፍን መጡ። ስለ ሽሮው ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እሱን ተይው ብለው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉልኝ። ሰው ሁሉ ያያል። አፌ ሊከፈት ምንም አልቀረው። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ።

«ጋሽዬ፣ ንቄዎት አይደለም። መርሳት ጀምሮኛል፣ ልታከም ነው።»

በቃ፣ ንግዴን በገዛ አፌ ዘጋሁት አልኩ። እሳቸው ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት፣ አይናቸው እንባ አቅርሯል። ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ያንኑ ጉርሻ አንስቼ አጎረስኳቸው። ከጎናቸው ያለችውም አፏን ከፈተች፣ ቀጥሎ ያለውም።

ወስኛለሁ። ጠረጴዛ መዞሬን አልተውም፤ አጎርሳለሁ እንጂ አልጎርስም።