ንብ የሌለበት የማር አገር፦ ስለ ሰባቱ ቀፎዎቼ

ለክቡር አቶ ልዑልቃል
የጫካ ጎብኚዎች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው ሳምንት በስብሰባው ላይ ሪፖርትዎን ሲያነቡ ድምፅዎ እጅግ ጥርት ብሎ ስለነበር፣ ጉሮሮዎ ደህና መሆኑን ከኋላ ወንበር ሆኜ ተረድቼ ደስ ብሎኛል። እኔም ባለቤቴ አልጋነሽም ደህና ነን። ንቦቻችን ግን ደህና አይደሉም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝም እነርሱ ናቸው።

በሪፖርቱ ላይ «አካባቢው በጎብኚ ዘንድ ተወዳጅ ቢሆንም ቅሬታ የበዛበት በነዋሪው የትብብር ማነስ ነው» ካሉ በኋላ፣ ለምሳሌ ያህል የማንኪራውን ንብ አናቢ፣ ጡረተኛውን መምህር ደጉን፣ ማለትም እኔን፣ በስም ጠቅሰዋል። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች በተቀመጡበት አዳራሽ ስሜን ስላነሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እስቲ ትብብሬ የት ላይ እንዳነሰ አብረን እንመልከት።

1ኛ. የዛሬ ሁለት ዓመት ከጎብኚዎችዎ አንዱን ንብ ከንፈሩን ነደፈችው። እርስዎም በማግስቱ ቤቴ ድረስ ደክመው መጥተው፣ ጎብኚው በሚያልፍበት በማንኪራ መንገድ ዳር ዛፎች ላይ የሰቀልኳቸውን ሰባት ቀፎዎች «ለሁለት ወር ብቻ» እንዳነሳ ለመኑኝ። ዛፎቹ ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ የመጡ ናቸው። አልጋነሽ ተው፣ አይሆንም ብላኝ ነበር። እኔ ግን የመንግሥት ሰው ቤቴ ገብቶ፣ ማሬን ቀምሶ፣ እጄን ጨብጦ የሰጠኝን ቃል ያጥፋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም፤ እንዲያውም ተጠራጣሪ ነሽ ብያት ሳምንት ተኳርፈናል። ቀፎዎቹን አበባ ወደማይበዛበት ከወንዙ ማዶ ወሰድኳቸው። ሁለቱ ወር ሁለት ዓመት ሆነ፤ ከሰባቱ ቀፎ አምስቱን ንቡ ጥሏቸው ሄዷል።

2ኛ. በቢሮዎ በር ላይ ያሰቀሉት ትልቁ ፎቶ እኔ ዛፍ ላይ ወጥቼ ቀፎ ስሰቅል የተነሣሁት ነው። ጎብኚው ያንን አይቶ፣ ጭቃውን አቡክቶ ማንኪራ ሲደርስ ባዶ ዛፍ ያሳዩታል። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የመጣች ወንጌላዊት የምትባል እንግዳ፣ ደጄ ላይ ጫማዋን ከጭቃ እያላቀቀች፣ «አባባ፣ ጫካው እንዴት ያምራል! ግን ንቡ ያለው ፎቶው ላይ ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። በእርስዎ ፋንታ እኔ አፈርኩ። አገር እየተወደደ ለምን እንደሚወቀስ ሪፖርትዎ በአሥራ አራት ገጽ ያላገኘውን ልጅቷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ሰው በጫካው አልተቀየመም፤ ታያላችሁ ተብሎ በመጣበት ነገር ነው የተቀየመው።

3ኛ. ይህኛው አጭር ነው። ክደውኛል። የቆጨኝ ቀፎ ማስነሣትዎ አይደለም፤ እንግዳው ሲነደፍ እኔም ደንግጫለሁ። አንሣልን ብለው ለምነው፣ ወቀሳው ሲመጣ ጣትዎን ወደ እኔ መቀሰርዎ ግን አንጀቴን አሳርሮታል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጫካው ሊያብብ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታልና፣ የተረፉትን ሁለት ቀፎዎች ወደ አባቴ ዛፎች እንድመልስ ይፍቀዱልኝ። ዘንድሮ አበባው ካመለጣቸው እነዚህም ጥለውኝ ይሄዳሉ። ይህንኑ ለመጠየቅ አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ አራት ጊዜም «በማንኪራ መንገድ መግቢያ ባለው የአስተያየት ሳጥን ያስገቡ» ተብያለሁ፤ አስገብቻለሁም።

ስሜን እንዳስታወሱት ሁሉ ቃልዎንም የሚያስታውሱበት ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ የምመኝ፣
በሪፖርትዎ ትብብር የጎደለኝ፣
መምህር ደጉ፣ ከማንኪራ

ማስታወሻ፦ ትናንት አምስተኛውን ማመልከቻ ላስገባ ስሄድ የአስተያየት ሳጥንዎ ውስጥ ንብ ሰፍሮ አገኘሁ። ንብ መቼም ሰው የሚነካካው ቦታ ላይ አይሰፍርም። ቁልፉን ብጠይቅ ሳጥኑ ከተሠራ ጀምሮ ተከፍቶ እንደማያውቅ፣ ቁልፉም የት እንደገባ እንደማይታወቅ ሠራተኞችዎ ነገሩኝ። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ አሁን ንብ ያለበት ብቸኛው ቀፎ የእርስዎ ነውና እንኳን ደስ አለዎት። ሲከፍቱት ብቻ አደራ ይጠንቀቁ፤ ከማሩ ሥር አራት ማመልከቻዎቼ አሉ።