የቆለፍኩብህ አራት ቀን

ውድ ረጋሳ፣

ከሞትክ ስድስት ዓመት ሆነህ። ለሰው ሁሉ ጉበቱ ነው የገደለው ስል ኖሬያለሁ። አንተን ግን አልዋሽም፤ በሩን ማን እንደቆለፈው ታውቃለህ።

ባለፈው ወር እህትህ ቢሊሴ ከባምባሲ ተነስታ አሶሳ ድረስ መጣችብኝ። ታናሽ ወንድምህ ቢቂላ አንተ የደረስክበት ደርሷል፤ አረቄ ሳይቀምስ ከአልጋው አይወርድም።

«ብርሃነሽ፣ አንቺ መጨከን ታውቂያለሽ፤ የኛ አንጀት አይችልም» አለችኝ። ልታመሰግነኝ ነበር። «ረጋሳን እንደዘጋሽው እሱንም ዝጊልን። የእህሉን ክፍል ባዶ አድርገናል።»

ላንተም ባዶ ያደረግነው የእህሉን ክፍል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በየቀኑ ስትጠጣ የኖርከውን፣ አንድ ጠዋት ቆረጥንብህ። በሁለተኛው ቀን ስትንቀጠቀጥ፣ ደጅ የነበሩት ጸሎተኞች «እየለቀቀው ነው» ብለው ዘመሩ። ግድግዳው ላይ ጉንዳን ፈላ ብለህ ስትጮህ፣ ክፉ መንፈሱ ጨንቆት ነው ተባለና ድምፃችንን ከፍ አደረግን። በሦስተኛው ቀን በበሩ ስንጥቅ «ብርሃኔ፣ አንዲት መለኪያ ብቻ» አልከኝ። ጠርሙሱን አመጣሁ። ከዚያ ሽታው እንዲደርስህ ደፉ ላይ አፈሰስኩት። እልህ ነበረብኝ፤ የመታኸኝን ሁሉ በዚያች ጠርሙስ መለስኩልህ። በአራተኛው ቀን አረፋ ደፍቀህ፣ ጥርስህ ገጥሞ አገኘሁህ።

ፊደልን በራሴ ለቅሜ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር አነብ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ትስቅብኝ ነበር። ካቻምና ለግፊት መድኃኒቴ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ አንድ የነርሶች የሥልጠና መጽሐፍ አገኘሁ። ለዓመታት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚመጣበት መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ መንፈራገጥ። አራቱ ቀንህ በየተራ ተጽፏል። ነርሱን ዐወድን ጠየቅኩት።

«እማማ፣ ያ መዳን አይደለም፤ ይገድላል። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ማስታገሻው በየቀኑ እየተቀነሰለት፣ ቫይታሚን እየወሰደ ነው የሚያቆመው።»

«ሆስፒታል ባይወስዱትስ?»

«ከመዘጋት መጠጣቱ ይሻለው ነበር፣ ወላሂ።»

ይህን አውቄም ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ለቢሊሴ ግን ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠርሙሱንም ጭምር። ዝም ብል እኔ ባልዘጋው ሌላ ሰው ይዘጋው ነበር።

«ታዲያ የገደልሽው አንቺ ነሻ» አለች።

«አዎ።»

«እኔስ? የዘመርኩት?»



ቢቂላ ሆስፒታል ዐሥር ቀን ተኝቶ በእግሩ ወጣ። አሁን በየሳምንቱ ማክሰኞ የምክር ቀጠሮ አለው፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮት ይቀመጣል። ቢሊሴ እኔን መረጠች። «አንዱን ወስደሻል። ይሄኛው ቢሞት ደሙ ባንቺ ነው» አለችኝ፣ ጎረቤት እየሰማ። እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው። የሠራሁትን ይበላል፤ አያናግረኝም።

ባለፈው ማክሰኞ አማካሪዋ «መጠጥ የሚያሰኝህ ምን ስታይ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ቀና እንኳ ሳይል በጣቱ እኔን አሳያት።

ይቅር በለኝ አልልህም። በሚቀጥለው ማክሰኞም አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ሚስትህ ብርሃነሽ