ለሹክሪያ፣ ወደ ክሮኤሽያ ከመሄድሽ በፊት

ሹክሪያ፣

ኤርፖርት ላደርስሽ ቃል ገብቼ ነበር፤ ግን የሌላ ሰው የሥራ ሺፍት ወስጄ ወጥቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ጎረቤታችን ንዋይ መጥቶ ይወስድሻል፤ ሻንጣውን ለእሱ ተይለት።

ሌክ ስትሪት ካለው ምግብ ቤት ያመጣሁልሽ ሳምቡሳ ማይክሮዌቩ ውስጥ ነው።

ፍሪጁ ላይ ለጥፌው የነበረውን ካርታ ቦርሳሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ በባስ ስትሄጂ በቀኝ በኩል ተቀመጪ፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። መንገዱ ለትንሽ ጊዜ ቦስኒያ ገብቶ ይወጣል፤ ፓስፖርትሽን ከእጅሽ አታርቂ። ያንቺ የአሜሪካ ስለሆነ አይተው ይመልሱልሻል።

እኔን ቪዛ የከለከሉኝ ቀን «አንቺ ካልሄድሽ እኔም አልሄድም» ብለሽኝ ነበር። «ሂጂ፣ ትኬትሽ አይቃጠል» ያልኩሽ እኔው ነኝ። እንዲህ ቶሎ እሺ ትያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ትናንት እራት ላይ ዝም ያልኩት ደክሞኝ አልነበረም። ልብስሽን እያጣጠፍሽ ስታንጎራጉሪ ሰማሁሽና አፌን ብከፍት ደስታሽን የማበላሽብሽ መሰለኝ።

የክፍልሽን መስኮት ዝጊ፤ ዝናብ ይገባል።

ፎቶ በኢሜይል አትላኪልኝ። ስትመለሺ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ። እስከዚያ ድረስ እዚህ ቤት የማወራው ሰው የለኝም።

ሀሲባ