የገዳሙ መሻገሪያ ድንጋዮች

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለኤኒድ፣ ባሕር ማዶ ኒውዚላንድ።

እንደምን ከርመሻል እቴ? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ሞሪስ፣ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እናንተ ዘንድ አሁን አበባ የሚፈነዳበት ወቅት ነው፤ ደስ ይበላችሁ። እኔን አትጠይቂኝ። ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያ ብቻ ነው። ቴሌግራሙ ደርሶሻል፤ ግን ቴሌግራም ልጄ አልዊን ሞተ ከማለት በቀር ምን ይናገራል? ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ጧት የእንግዶቹን ቁርስ ስጠብስ ነው። ለእንግዳ የምናከራያቸው ሦስቱም ክፍሎች ተይዘው ነበር። ፖሊስ የሆነው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሬጂ በጓሮ በር ገብቶ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ። ሻይ ያማረው መስሎኝ፣ «አንተ ልጅ፣ አፍንጫህ ቋሊማ ከሩቅ ያውቃል! ተቀመጥ፣ መጀመሪያ የእንግዶቹ ይቅደም» አልኩት። «እትዬ ዶርካስ» አለኝ። ሳህን አቀረብኩለት። እምቢ ማለት ነውር ሆኖበት ግማሹን ቋሊማ በላ፣ እቴ። ዕንባው እየወረደ በላ። እኔም «ሰናፍጩ በዛብህ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩበት። ከዚያ ነው «አልዊንን ከወፍጮ ቤቱ በታች ውሃው ውስጥ አገኘነው» ያለኝ። በእጄ ያለውን ሳህን አልጣልኩትም። ወስጄ ለእንግዶቹ አቀረብኩት። ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኛ ቤት የሚያድር ሁሉ የፈረሰውን ገዳም ሊያይ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። አልዊን ለያንዳንዱ እንግዳ መንገዱን በእጁ ይስልለት ነበር፤ የቱ ቤት ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው መቃብር ላይ አፍንጫ የሌለው የድንጋይ ባላባት እንደተጋደመ፣ ሁሉንም ይጽፍበታል። የዚያን ሰሞን ከለንደን የመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ መነኮሳቱ በወንዙ ላይ በጣሏቸው ድንጋዮች ካልተሻገርን አሉ። አንቺ እጄን ይዘሽ ያሻገርሽኝ እነዚያው ድንጋዮች። ሰኞ ሲዘንብ ውሎ ሲዘንብ አድሯል። ማክሰኞ ንጋት ላይ ባለቤቴ ኸርበርት ወደ ከብቶቹ ከመውጣቱ በፊት «በድልድዩ ይዙሩ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሴትዮዋ እግሯን ያማታል፣ በድልድዩ ይርቅባታል ብዬ አሰብኩ።

ኤኒድ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ከአልጋው ያስነሣሁት እኔ ነኝ። «ሂድና ድንጋዮቹ ከውሃው በላይ መሆናቸውን እይልኝ» አልኩት። «እማዬ፣ ወንዙ የት ይሄድብሻል? ትንሽ ልተኛበት» አለኝ። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩበት። «ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ተኝተህ አልጠገብክም?» አልኩት። የጫማውን ክር ሳያስር እየሳቀ ወጣ።

ኸርበርት ይህን አያውቅም። በቀብሩ ዕለት ለመጣው ሁሉ፣ «ያ ልጅ ድንጋይ ላይ መዝለል መች ይተዋል፣ ከሕፃንነቱ እንዲያው ነው» ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር። ለሐዘን እንደ ደንቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደወሎች ምላስ ላይ በአንድ ወገን ቆዳ ታሰረ፤ አንዱ ምት ይጮኻል፣ ቀጣዩ ከሩቅ እንደሚመጣ ይደክማል። ሁልጊዜ የሚደውለውን ሦስተኛውን ደወል ራሱ ኸርበርት ደወለው። «ሌላ ሰው ይደውልልህ» ቢሉት «ልጄን እኔው እሸኘዋለሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ወደ ደወል ቤቱ ወጥቶ አያውቅም።

እንግዳው አሁንም ይመጣል። ሁሉንም በድልድዩ እልካለሁ። ባለፈው አንዷ «የጎብኚዎች መጽሐፉ እኮ በድንጋዩ ነው የሚለው» ብትለኝ፣ «እንግዲያው የጻፈው ሰው ይሻገርበት!» አልኳት። ደንግጣ ወጣች፤ ምን አድርጋኝ። አልዊን ለለንደኖቹ የሳለውን ካርታ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ድንጋዮቹ አጠገብ «ውሃውን አይቼ እስክነግራችሁ ጠብቁኝ» ብሎ ጽፎበታል። ከማታው ጀምሮ ራሱ ለመሄድ አስቦ ኖሯል ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። አልጽናናም። በዚያን ሰዓት ያስነሣሁት እኔ ነኝ።

ቤቱን ሽጡና ወደኛ ኑ ብለሻል። ይህን በሆዴ ይዤ የት እሄዳለሁ? ትናንት ሻይ ስንጠጣ ኸርበርት «ምን ነበር እንዲያ በማለዳ ያስነሣው?» አለኝ። ተነሥቼ ምድጃውን ጠረግኩ። ፊቱን እያየሁ መናገር አቃተኝ።

ሞሪስን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ አይሪን ለላከችልኝ ሥዕል አመስግኚልኝ፤ ትንሹን ሂዩን እቀፊልኝ። የባልሽ እናት የጻፉልኝ ደርሶኛል፤ እግራቸውን ሳሚልኝ።

ለአንቺ በምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ ኸርበርት ሁለት መስመር ጨምሮ፣ እሱው አሽጎ ፖስታ ቤት እንደሚወስደው ታውቂያለሽ። ይህንንም ሳላሽግ ጠረጴዛው ላይ፣ የስኳር ዕቃው ሥር እተወዋለሁ። ከታች ቦታ ትቼለታለሁ። ባዶውን ከደረሰሽ፣ አንብቦ ቃል እንዳጣ እወቂ።

ይህን ወረቀት አስቀድሞ የሚያነበውም፣ ባሕር ማዶ የሚደርሰውም፣ እባካችሁ ስለ ልጄ ስለ አልዊን ነፍስ ጸልዩ። ከቻላችሁ ደግሞ፣ ስለላከችው።

እኅትሽ ዶርካስ
ቶርንቤክ መንደር፣ ዮርክሻየር
ኦክቶበር 20 ቀን 1968