የአባትሽ ቀበቶ

ለልጄ ለፋሪሃ፣ እንደምን ከርመሻል? የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከሽሽቱ ጀብራ ወዳለው ቤታችን ተመልሰናል። ጣቶቼ በድካም አልታጠፍ ቢሉኝም ደስታውን አልቻልኩትም።

አባትሽ ሰርግ ላይ የሚመራው የጭፈራ ቡድን የቆዳ ቀበቶዎች ትዝ ይሉሻል? ዝናብ ሳንዱቁ ውስጥ ገብቶ ሻግተው አገኘኋቸው። ሻጋታውን ደጅ በደረቅ ብሩሽ አራግፌ፣ ውሃ በተቀላቀለበት ኮምጣጤ ጠርጌ፣ ጥላ ላይ አድርቄ የሰሊጥ ዘይት ቀባኋቸው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣማ ይሰነጣጠቃል።

ርሶ የደረቀ ቆዳ ያጥራልና ጨፋሪዎቹ ሲለኩት ወገባቸው ላይ አልደርስ አላቸው። «በሽሽቱ ወራት ማን እንዲህ ቀለባችሁ?» ብዬ ሳቅሁባቸው። ለአባትሽ ግን ሰፋው። ቀዳዳ ጨመርኩለት፤ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ጨመርኩ። ትናንት ደግሞ ስበሳለት፣ «ያላ ዘሃራ፣ ቆዳው ተለጥጦ እኮ ነው» አለኝ።

«አዎ፣ ቆዳው ነው» አልኩት።

ለዒድ እንመጣለን ብላችሁ ነበር። ኢንሻአላህ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ደስ ይለዋል። ቀበቶው ላይ ለሌላ ቀዳዳ ቦታ አለ፤ እኔ ግን ወስፌውን ደብቄዋለሁ።

ለባልሽም ለጎረቤትም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እናትሽ ዘሃራ